ባሕር በዋዜማው

ገጣሚ ነኝ ብል ድፍረት ይሆንብኛል። ቀን ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን ስንኝ እቋጥራለሁ። ባሕር ያልገባበት ግጥሜ ጥቂት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ግን ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባሕር ጋር የነበረኝ ዝምድና በጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ «ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ» ከሚለው ሐረግ አያልፍም ነበር። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

ባሕር ሆይ ውሰጂኝ፣ ልተኛ ከጉያሽ፣
የምድር ሰው ሰልችቶኝ፣ መጣሁ ወደ ደጅሽ፣
ማዕበልሽ ይናጠኝ፣ እንደ ልጅ በእቅፍሽ፣
አልመለስም ከቶ፣ ልቅር እዚያው ከእግርሽ።

ሳያውቁ መድፈር እንዲህ ነው። የዛሬ ዓመት በኅዳር ወር ባሕር ልመናዬን ቃል በቃል ሰማችኝ። እንደተመኘሁት ናጠችኝ፤ «አልመለስም» ያልሁትንም ሰውዬ ከጠዋት እስከ ረፋድ ስታስመልሰኝ ዋለች።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ስለ ባሕር ማቅለሽለሽ ነው፤ በተለይም ጥልቅ ባሕር ላይ ወጥቶ ዓሣ ሊያጠምድ የተነሣ ሰው ሕመሙ እንዳይዘው ማድረግ ስለሚችለውና፣ በእኔ እምነት፣ ማድረግም ስለሚገባው። «በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ደግሞ ስለ ትውከት ይጻፋል እንዴ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥቂት ቢታገሠኝ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከእኔ የሚበልጥ ሰው እንደጻፈበት አሳየዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ወዳጄ ሞምባሳ ውስጥ ይሠራል። አባቱን ከአዲስ አበባ ወስዶ ከራሱ ጋር ያኖራቸዋል፤ እኔም እንደ እርሱ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ምጽዋ ያገለገሉ፣ «ኢትዮጵያ» በምትባለው የሥልጠና መርከብ ላይ የተማሩ ሰው ናቸው። ባሕር ኃይሉ በ1983 ዓ.ም. ከተበተነ ወዲህ ግን ባሕር ላይ ወጥተው አያውቁም። ሞምባሳን ከሊኮኒ የሚያሻግረውን ጀልባ አይቆጥሩትም፤ «እርሱ ወንዝ መሻገር ነው» ይላሉ። ልጃቸው ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ምን ላድርግልዎት ቢላቸው፣ የብስ ከዓይኔ ሲጠፋ አንዴ ማየት እፈልጋለሁ አሉት። ስለዚህም አንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ለአንድ ቀን ተከራየ፤ እኔም ፈቃድ ወስጄ፣ ድርሻዬን ከፍዬ፣ ከአዲስ አበባ ሄድሁ።

ቦታው ዋታሙ ይባላል፤ ከሞምባሳ በስተ ሰሜን፣ በህንድ ውቅያኖስ ዳር። ሄሚንግዌይ በ1934 እ.ኤ.አ. ከአደን ጉዞው በኋላ ዓሣ ያጠመደባት ማሊንዲ ከዚያ ብዙም አትርቅም። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ሐሴት የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ይገምተዋል። በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሽማግሌውን ዓሣ አጥማጅ ታሪክ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በልቤ የቀረው ግን ትግሉ፣ ክሩ የቆረጠው እጅና ሻርኮቹ ነበሩ፤ ጀልባዋ ስትናወጥ ሆድ ምን ይሆናል ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

በዋዜማው ምሽት ጋሼ ከኪሳቸው የክኒን ማሸጊያ አውጥተው አራት ፍሬ ቆርጠው ሰጡኝ። ሲናሪዚን ነው፤ እያንዳንዱ 15 ሚሊ ግራም።

«የምንነሣው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በአሥር ሰዓት ሌሊት ትነሣና ሁለቱን ትውጣለህ፤ የቀሩትን ለከሰዓት ትይዛለህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጣርማበርን በአሮጌ አውቶቡስ ስወርድ ስወጣ ያደግሁ ሰው ነኝ» አልኋቸው።

«ጣርማበር ላይ የሚንቀሳቀሰው አውቶቡሱ ነው፤ ተራራው አይንቀሳቀስም። እዚህ መንገዱም ራሱ ይንቀሳቀሳል።»

ቀጥለውም፣ በሥልጠና ዘመናቸው ባልዲ አቅፈው ሦስት ቀን እንደከረሙ፣ በአራተኛው ቀን ግን ባሕሩ ራሱ እንደለቀቃቸው አጫወቱኝ። ሰውነት ሁለት ሦስት ቀን ከተናወጠ በኋላ ይለምደዋል፤ ከባሕር ሲርቅ ደግሞ ልምዱን ይረሳዋል። እርሳቸውም ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለራቁ እንደ አዲስ ሰው ክኒናቸውን ሊውጡ ተዘጋጅተው ነበር። የባሕር ኃይል ሰው ያልናቀውን ነገር እኔ ናቅሁት። ክኒኖቹን ኪሴ ከትቼ፣ የተጠበሰ ዓሣ በኮኮናት ወጥ አብዝቼ በልቼ፣ ሁለት ቢራ ጠጥቼ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ለወዳጄ ግጥም ሳነብ አመሸሁ። በአሥር ሰዓት የጋሼ በር ሲከፈት ሰምቻለሁ። ተገላብጬ ተኛሁ።

ጠዋት ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ከኮራል ድንጋዩ ወዲያ እስክንወጣ ድረስ ጀልባዋ እየፈጠነች ስለሄደች ነፋሱ ፊቴን እየመታኝ ከፊት ለፊቷ ቆሜ ያንኑ ግጥሜን ጮክ ብዬ አነበብሁ። (ይህን የምጽፈው ወዳጄ አስቀድሞ ለሰው ሁሉ ስለነገረ ነው።) ጥልቁ ጋ ስንደርስ ካፒቴኑ ሞተሩን አቀዘቀዘ፤ ረዳቱ ማባበያዎቹን ከኋላ ጣላቸው፤ ከዚያ በኋላ እየጎተቱ ቀስ ብሎ መሄድ ብቻ ሆነ። ጥልቅ ባሕር ላይ ዓሣ ማጥመድ ከሰባት እጁ ስድስቱ ይኸው ነው። ማዕበል የምለው የሚሰበር፣ አረፋ የሚደፍቅ ነገር አልነበረም። ከሩቅ የሚመጣ ረጅም፣ ለስላሳ እብጠት ጀልባዋን ያነሣታል፤ ጥቂት ያቆያታል፤ ወደ ጎን አዘንብሎ ያወርዳታል። ደግሞ ያነሣታል። የናፍጣው ጭስ ከኋላ ይመለስና አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ አዛጋኝ። እንቅልፍ ያነሰኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ምራቄ በዛ፤ ግንባሬን ቀዝቃዛ ላብ አላበኝ። ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር፣ ዛሬ ሳስበው፣ ለሕመሙ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነበር፤ ጥላ ፍለጋ ወደ ጠባቧ ክፍል ወርጄ የመጡልኝን ስንኞች በስልኬ ልጽፍ አቀረቀርሁ። ሦስተኛውን መስመር አልጨረስሁትም።

ባሕሩ ዘይት መስሎ ሳለ ይህ ለምን ሆነ? ከውስጥ ጆሯችን በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቅስት ቱቦዎች አሉ፤ ጭንቅላት ሲዞር ያውቃሉ። ከአጠገባቸው ደግሞ ጥቃቅን ጠጠሮች የተሸከሙ ሁለት ከረጢቶች አሉ፤ ከፍ ዝቅ ማለትንና ማዘንበልን ይመዘግባሉ። በቀን መጨረሻ ባንክ ውስጥ ሒሳብ ስንዘጋ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብና መዝገቡ ካልተስማሙ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እስኪገኝ ይፈለጋል። አንጎልም እንዲሁ ያለ ሒሳብ ሹም ነው። ከጀልባ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ «ግድግዳው ቆሟል፣ ጠረጴዛው ቆሟል፣ ስልኩ ቆሟል» ብሎ ይመዘግባል፤ ጆሮው ግን «ተነሣን፣ ወረድን፣ አዘነበልን» ይላል። ሁለቱ መዝገቦች አይታረቁም። አንጎል ለምን በሆድ እንደሚቆጣ ገና ክርክር አለ። በ1977 እ.ኤ.አ. ትሪስማን የተባለ ተመራማሪ ያቀረበው ግምት እኔን ይማርከኛል፤ ለጥንቱ ሰው ዓይንና ጆሮ የሚጣሉት መርዝ ሲበላ ስለነበር፣ አንጎል የተመረዘ መስሎት ሆዱን ያራግፋል ይላል። ግምት ነው፤ ግን ውብ ግምት ነው።

የዘይቱ ነገርም መልስ አለው። ሰውን አብዝቶ የሚያሳምመው ፈጣን መንገጫገጭ አይደለም፤ በአምስት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ የሚለው ዝግተኛ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ፈጥና ስትሄድ ያላሳመመችኝ ጀልባ ማባበያ እየጎተተች ስታዘግም ጣለችኝ። ይባስ ብሎ ሞተር ጠፍቶ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ስትንሳፈፍ ነው ጉዱ። «ዛሬ ባሕሩ ሰላም ነው» የሚለው ቃል ለጀማሪ ዓሣ አጥማጅ ዋስትና አይሆንም።

«አስበኸው ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ፍርሃት ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል፤ ያን አልክድም። ነገር ግን ዊልያም ጄምስ፣ የልብ ወለድ ደራሲው የሄንሪ ጄምስ ወንድም፣ በ1882 እ.ኤ.አ. መስማት የተሳናቸውን ብዙ ሰዎች መርምሮ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሲሽከረከሩ እንኳ ማዞር እንደማይሰማቸው አሳየ። የውስጥ ጆሯቸው ሚዛን ጠባቂ ክፍል የማይሠራ ሰዎችን ባሕር እንደማያሳምማቸውም ኋላ ተረጋግጧል። ነገሩ የጀግንነት ቢሆን ኖሮ ጀግንነት ከጆሮ ውስጥ ተቀምጣለች ማለት ይሆናል። ትራፋልጋር ላይ በ1805 እ.ኤ.አ. የወደቀው አድሚራል ኔልሰን ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ያመው ነበር። ዳርዊን ከ1831 እስከ 1836 እ.ኤ.አ. «ቢግል» ላይ ሲጓዝ አልጋው ላይ ተዘርሮ ከብስኩትና ከዘቢብ በቀር የማይቀበልለት ሆድ ይዞ ብዙ ቀን አሳልፏል። ከጉዞው ዘመን አብዛኛውን የብስ ላይ ማሳለፉ ለሆዱም ለሳይንስም በጀ።

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉሲሊየስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዱ፣ ሃምሳ ሦስተኛው፣ የሚጀምረው በባሕር ማቅለሽለሽ ነው። ከኔፕልስ ወደ ፑቲዮሊ አጭር መንገድ ነው ብሎ ይሳፈራል፤ ባሕሩ መጀመሪያ ጸጥ ያለ ነበር። ከመካከል ሲደርስ ረጅሙ እብጠት ይጀምራል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ አያስመልሰውም፤ አይለቀውም። መሪውን ካላወረድኸኝ ብሎ አስጨንቆ፣ ገና ዳር ሳይደርሱ እንደለበሰ ባሕር ውስጥ ይዘላል። የግሪኩ ጀግና ኦዲሴየስም አገሩ ለመግባት ያን ሁሉ ዓመት የፈጀው የባሕር አምላክ ተቆጥቶት ሳይሆን ባሕር ስለሚያመው ነው ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ ግን ግማሽ ብቻ ነው። ደብዳቤው ቀጥሎ የሚጠይቀው የሥጋ ሕመም ራሱን ሲያስታውቅ የነፍስ ሕመም ለምን ይሰወራል የሚለውን ነው። ያ ታላቅ አእምሮ ትውከቱን አላፈረበትም፤ ከእርሱ ተነሥቶ ነው የወጣው። የግሪኮች ቋንቋም እንደዚሁ አላፈረም፤ ማቅለሽለሽን የሚጠሩበት ቃል ከመርከብ ስም የተወለደ ነው። የእኛ ቋንቋ ማቅለሽለሽን፣ ማጥወልወልን፣ «ወደ ላይ አለኝ»ን ይዟል፤ መርከብ አልገባበትም። ለዚህ ይሆን በግጥሞቻችን ውስጥ ያለው ባሕር ሆድ የሌለው?

እንግዲህ ስለ መከላከያው። የመጀመሪያው ነገር ጊዜው ነው። ሆድ መታወክ ሲጀምር ሥራውን ስለሚያቆም የተዋጠ ክኒን ከዚያው ይቀራል፣ ወይም ተመልሶ ይወጣል። እኔ ጋሼ የሰጡኝን ክኒን ከኪሴ ያወጣሁት ካስመለሰኝ በኋላ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየልኝም። ሲናሪዚን ለአዋቂ ሰው 30 ሚሊ ግራም ከጉዞው ሁለት ሰዓት በፊት፣ ከዚያ በኋላ 15 ሚሊ ግራም በየስምንት ሰዓቱ ይወሰዳል። ዳይመንሃይድሪኔት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ ሜክሊዚን ደግሞ አንድ ሰዓት ሲቀር ይወሰዳሉ። ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ተለጥፎ እስከ ሦስት ቀን ያገለግላል። ሁሉም ብዙ ወይም ጥቂት ያንቀላፋሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፤ ከአልኮል ጋር አይስማሙም፤ መኪና ለሚነዳ ሰው አደጋ ናቸው። የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ አስቀድሞ ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ይጠይቅ። እኔ ገንዘብ ቆጣሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ብልህ ሰው መድኃኒቱን የብስ ላይ ሳለ በአንዱ የዕረፍት ቀኑ ሞክሮ እንዴት እንደሚያደርገው ያያል።

ስለ ዳይመንሃይድሪኔት አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። በ1947 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ለሰውነቷ ሽፍታ ይህን መድኃኒት ትወስዳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ትራም ሲያማት የኖረች ሴት ነበረች፤ መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ግን ትራም ላይ እንደማያቅለሸልሻት አስተዋለች፤ ለሐኪሞቿም ነገረች። በማግሥቱ ዓመት ከኒው ዮርክ ወደ ጀርመን በሄደች የወታደር መርከብ ላይ ተሞከረና ሠራ። በትራም የምትጓዝ አንዲት ሴት ሕመሟን ሳታፍር ባትናገር ኖሮ ይህ ጥቅሙ በዚያ ዓመት አይታወቅም ነበር።

ዝንጅብልስ? እናቴ ከቤት ስነሣ የዝንጅብል ብስኩት፣ ሎሚና አንድ እፍኝ ጤና አዳም በፌስታል ቋጥራ ሰጥታኝ ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ የባሕር ኃይል ሠልጣኞች ላይ በተደረገ ሙከራ አንድ ግራም የዝንጅብል ዱቄት ትውከትን ቀንሷል፤ ሌሎች ሙከራዎች ግን ይህን ያህል አላመሰገኑትም። ሆድ አይጎዳም፤ ክኒንን ግን አይተካም። ሎሚው የናፍጣ ሽታ እንደሚሸፍን እመሰክራለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ሙያ አላየሁበትም።

ጀልባው ላይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ዓይንን ከጆሮ ማስታረቅ ነው። እብጠቱ እምብዛም የማያነሣትን የጀልባዋን መካከል መምረጥ፤ ወደ ፊት ዞሮ አድማሱን ማየት፤ ወደ ታችኛው ክፍል አለመውረድ፤ አለማንበብ፣ አለመጻፍ፣ ስልክ አለመንካት፤ ከጭስ መራቅ፤ ከዋዜማው ጀምሮ ቅባትና መጠጥ ትቶ በልክ መብላትና በደንብ መተኛት። ባዶ ሆድ ይሻላል የሚለውን ምክር አልወደውም፤ ደረቅ ዳቦ የበላው ወዳጄ ደኅና ዋለ። ማዛጋት ሲጀምር ለካፒቴኑ መንገር ይገባል፤ መሪ የያዘ ሰው ብዙ አያመውም፤ የሚመጣውን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ያውቀዋልና። ከገባ በኋላ ካልለቀቀ በጀርባ ተኝቶ ዓይንን ጨፍኖ ጭንቅላትን አለማንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚቀረው።

ይህን ስጽፍ የጣርማበሩ አውቶቡስ ትዝ ይለኛል። እኛ ሐበሾች መኪና የሚያመው ሰው ሞልቶን ሳለ መስኮት ሲከፈት «ነፋስ ገባ፣ ምች ይመታናል» ብለን እንጮኻለን። አንድ ሕፃን ከኋላ ፌስታል ይዞ ሲሰቃይ መስኮቱ ዝግ ነው። ሕፃኑን ከፊት አስቀምጦ መንገዱን እያየ እንዲጓዝ፣ መስኮቱም አንድ ጣት ያህል እንዲከፈትለት ማድረግ የሴኔካን ያህል ፍልስፍና አይጠይቅም ነበር።

ወደ ጀልባዋ ልመለስ። በሦስት ሰዓት ገደማ ቆሜ መያዝ አቃተኝ። ውሃ እንኳ አልቀበል አለኝ፤ ከወለሉ ላይ ተኝቼ «ልሙት» ስል ወዳጄ ደነገጠ። ካፒቴኑ ማባበያዎቹን እየጎተተ እስከ ማታ ለመቆየት ነበር የተከፈለው። ሞተሩን አቀዝቅዞ ጋሼን አያቸው፤ በዕድሜ የሚበልጡት እርሳቸው ነበሩ። ጋሼ ጥቂት ቆዩ። የብስ ከዓይን የጠፋ ገና ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው።

«እንመለስ» አሉ።

ረዳቱ ክሮቹን አንድ በአንድ ጠቀለለ። አንድም ዓሣ አልነካቸውም ነበር። ጀልባዋ ስትዞር ሁላችንም ወደ ፊት ስንዞር፣ ጋሼ ብቻ ከኋላ ቆመው፣ አንድ እጃቸውን ከብረቱ አድርገው፣ የተውነውን ውሃ ያዩ ነበር። ወደብ እስክንገባ አልዞሩም። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። የብስ ስንወርድ መሬቱ ከሥሬ ይንሳፈፍ ስለነበር ደግፈው ያወረዱኝ እርሳቸው ናቸው።

የእኔ አቋም ከዚህ ይነሣል። የባሕር ማቅለሽለሽን የራሴ ሆድ ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው። ቢያመኝ እኔን ነው፤ ጀግንነቱም ሽንፈቱም የእኔ ነው ብዬ። ጀልባ ግን አውቶቡስ አይደለም፤ «እዚህ አውርዱኝ» ብሎ መውረድ የለም። አንዱ ሲወድቅ የሁሉም ቀን ይወድቃል። ስለዚህ በአሥር ሰዓት ሌሊት ተነሥቶ ሁለት ክኒን መዋጥ ለራስ የሚደረግ ድሎት ሳይሆን ለጓደኛ የሚከፈል ዕዳ ነው እላለሁ። በመሥሪያ ቤቴ ቋንቋ ጉድለት ይሉታል፤ ጉድለት ያመጣ ሰው ከራሱ ይተካል። አንድ ቀን ግን ከየት አምጥቼ እተካለሁ? ክኒን ወስዶ፣ ተጠንቅቆ፣ እንደዚያም ሆኖ የሚያመው ሰው አለ፤ እርሱን የሚወቅስ እኔ አይደለሁም። የምወቅሰው መድኃኒቱን ኪሱ ይዞ ግጥም ያነበበውን ነው።

ያችን ባለ አራት መስመር ግጥም አልቀደድኋትም። ከሥሯ አምስተኛ መስመር ልጨምርባት እየሞከርሁ ነው፤ ሆድ ያለበት። እስካሁን ቤት አልመታልኝም።

የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ካስካዚ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ይነፍሳል፤ በዚያ ወቅት ጀልባዎቹ ይወጣሉ። ለመጪው ጥር ተቀጣጥረናል፤ ኪራዩን በዚህ ጊዜ ሙሉውን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ጋሼ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። ባለፈው እሑድ ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፤ ስለ እናቴ ጠየቁ፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ቢራውን ለመልሱ እናቆየው» አሉኝ።